አንድም የማያልቅባቸው የኔታ

አልጣሽ ባሏን አንድ ነገር ጠይቃ አንድ መልስ አግኝታ አታውቅም። «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብትላቸው ወደ ሰማይ ቀና ይሉና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ «ደመና ማለት ነቢያት ናቸው፤ አንድም ሐዋርያት ናቸው፤ አንድም…» ይላሉ። እሷ እስከዚያ ያሰጣችውን ብቅል ሰብስባ ትገባለች። ዝናቡ ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል፤ የየኔታ ማብራሪያ ግን ቀርቶ አያውቅም።

የኔታ ወልደሩፋኤል ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው በጨፌ ሚካኤል አጥቢያ የመጽሐፍ መምህር ነበሩ። የመጽሐፍ መምህር ሥራው አንዱን ቃል አንስቶ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነው፤ አንዱን ፍቺ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል። ሌላው መምህር ሁለት ሦስት ብሎ ሲበቃው የኔታ አራት አምስት ካላደረሱ እህል አይወርድላቸውም። ይህን ሁሉ የለቀሙት በጎረምሳነታቸው ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ውስጥ ከደብር ደብር ሲንከራተቱ ነው። የአካባቢው ሰው ይወዳቸዋል፣ ያፌዝባቸዋልም። የኔታን መንገድ የጠየቀ መንገደኛ አራት ቦታ ይደርሳል ይባል ነበር።

አልጣሽ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሏ ደጅ ላይ ተማሪ ሲያስተምሩ እሷ ጓዳ ሆና ስታዳምጥ ኖራለች። የትኛው ፍቺ የትኛውን እንደሚከተል ጠንቅቃ ታውቃለች። የኔታ አንዳንዴ ሐሳባቸው ሲሰረቅ አንዱን ከዘለሉ ከምድጃው ዳር ድምጿ ይሰማል።

«ሦስተኛው ቀረ።»

ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ሦስተኛው ይመለሳሉ። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ትዳራቸውን ሞቅ አድርጎ የያዘው ይኸው ነበር። እሷም እንደ ሰው ሁሉ «የኔታ» ትላቸዋለች፤ በስማቸው የምትጠራቸው የተቆጣች ቀን ብቻ ነው።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሳሳ። በስልሳ አምስት ደግሞ በልጉ ጨርሶ ቀረ። ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ ቻለው፤ ከዚያ በግና ፍየሉን ሸጠ፤ ከዚያ ሳማ እየቀቀለ መብላት ጀመረ። ሰማዩ ምን እንዳሰበ መጠየቅ ሲያምረው ደግሞ የሚሄደው ወደ የኔታ ነበር።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የሚቀርቧቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ አምባቸውና ቸኮል። ቸኮል፣ ታናሹ፣ ቤተ ክርስቲያን ለየኔታ ለአገልግሎታቸው የሰጠቻቸውን ማሳ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ያርስላቸዋል። የኔታ ቡሬ የሚባል አንድ በሬ አላቸው፤ ቸኮልም ወይኖ የሚባል አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱን ያቀናጃሉ። ሲያርስ የሚውለው ቸኮል ነው፤ የኔታ በዕድሜያቸው እርፍ ጨብጠው አያውቁም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ እንደተቀመጠ አምባቸው ብድግ አለ።

«የኔታ፣ ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው እነዚያ የከሱ ሰባት ላሞች ምን ማለት ናቸው?»

የኔታ ደስ አላቸው። ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ፣ ሰው እንዲህ አፉን ከፍቶ የጠበቃቸው ጊዜ አልነበረም። «በግብፅ የመጡት ሰባት የረሃብ ዓመታት ናቸው፤ አንድም ሰባቱ ታላላቅ ኃጢአቶች ናቸው፤ አንድም ቃሉን ያልሰሙ ነፍሳት ናቸው» አሉና ትንሽ ቆም አሉ። ዞር ዞር ብለው ሕዝቡን አዩ። «አንድም ይህ የያዝነው የወሎ ዘመን ነው» አሉ።

አልጣሽ በሴቶች በኩል ተቀምጣ ነበር። አራተኛዋን ሰምታት አታውቅም። ይህቺን ደግሞ ከየት አመጧት አለች በሆዷ፤ ከጎጃም እንዳልመጣች እርግጠኛ ነበረች።

ሕዝቡ ከአራቱ ሦስቱን እዚያው ቅጥር ውስጥ ትቶ አራተኛዋን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰባት ዓመት። ወሬው በሳምንቱ አጅባር ገበያ ደረሰ፤ ከዚያ ማሻ ተሻገረ። የኔታ ወልደሩፋኤል ከመጽሐፍ አገኙት እየተባለ ነበር የሚወራው። ቸኮል እስቲ አንድ ዓመት እንየው ብሎ ቆየ፤ አምባቸው ግን የሰማውን እንደ ሰማው የሚፈጽም ሰው ነው። ረሃቡ ሰባት ዓመት ከሆነ ዘር ማስቀመጥ ምን ያደርጋል ብሎ ዘሩን ፈጭቶ በላ፤ በሬውን ሸጠ፤ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ሊሄድ ተነሣ። ሊሰናበት መጥቶ የየኔታን ጉልበት ሳመ።

«እውነቱን ስለነገሩን በረካ ይስጥዎ» አላቸው። «ሳንሰማ ብንቀር ኖሮ እዚሁ እናልቅ ነበር።»

የኔታ እስከ ደጃፍ ሸኙት። አምባቸው ቁልቁል ሲወርድ ደጃፉ ላይ ቆመው እስኪሰወር አዩትና ገብተው ተኙ፤ ገና ቀትር ነበር።

ከዚያ በኋላ ከደሴ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌላ ነገር ሆነ። በመንገድ ዳር ስለወደቀው፣ በመጠለያ ስለታጨቀው፣ ስለ በሽታው። አልጣሽ የመጣውን ሁሉ እያስቆመች አምባቸውን አይተህ ይሆን ትላለች። አየሁት የሚል አልተገኘም።

የኔታም መጽሐፉን ከድነው ማስተማሩን ተዉ። ተማሪዎቹ ለምነው የሚያመጡት ቁራሽ ስለጠፋ ወደየአገራቸው አሰናብተዋቸው ነበርና ማንም ለምን አላላቸውም። የስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ዘመን መለወጫ ሲደርስ እንደ ወጉ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ መሆኑን፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ ተናገሩና ወረዱ። ድሮ ቢሆን ማርቆስ በአንበሳ የተመሰለበትን ምክንያት ለማስረዳት እኩለ ቀን ይደርስባቸው ነበር።

አንድ ቀን አልጣሽ እንደ ድሮው ልታጫውታቸው ብላ፣ «የኔታ፣ ይዘንብ ይሆን?» አለቻቸው።

«አላውቅም» አሉ።

አንድ መልስ ነበር። ሠላሳ ዓመት የተመኘችው አጭር መልስ መጣላት። ፊቷን አዙራ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

የካቲት ሲገባ የቸኮል ሚስት ብዙዬ መጣች። ትንሿን ልጇን አዝላለች፤ የልጅቷ አንገት እናቷ ትከሻ ላይ ወደቅ ብሏል።

«ልሰናበታችሁ ነው እትዬ አልጣሽ» አለች። «ቸኮል ነገ ወይኖን ገበያ ያወጣዋል። እንደተሸጠ እንነሣለን።»

«ወዴት?»

«አምባቸው ወደሄደበት ነዋ።» ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ወደ የኔታ ዞረች። «ገና አምስት ዓመት ይቀራል አይደል የኔታ? አምስት ዓመት እነዚህን ልጆች በምን አቆያቸዋለሁ?»

ወቀሳ አልነበረበትም። ሀቁን ከሚያውቅ ሰው እንደምትጠይቅ ሆና ነው የጠየቀችው፤ ለዚህም ነው ለአልጣሽ የከበዳት።

«እኔ እንጃ ብዙዬ» አሉ የኔታ።

«እርስዎ ባያውቁት መጽሐፉ ያውቀዋል» አለች ብዙዬ በማጽናናት ዓይነት። «አብሽሩ፣ እኛ አልተቀየምንም።» ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

የኔታ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።  ከወራጁ ላይ፣ ከምድጃው ጭስ በላይ፣ አንዲት የፍየል ስልቻ ተንጠልጥላለች። የገብስ ዘር ናት። አልጣሽ ያቺን ስልቻ ሁለት ዓመት ከራሷ ሆድ ስትጠብቅ ኖራለች። ስንት ቀን በረሃብ ራሷ ሲዞር ቀና ብላ አይታታለች፤ አልነካቻትም።

«ስልቻዋን አውርጅልኝ» አሉ።

«ለብዙዬ ስንቅ ነው?»

«ለመዝራት ነው።»

«ማን ሊያርስ? ቸኮል እየሄደ አይደል?»

«እኔ።»

አልጣሽ ሳቀች። ሳቋ እንዳመጣጡ ቀዘቀዘ፤ የምራቸውን ነበር።

«ወልደሩፋኤል» አለች። «ሰማዩ ላይ የጣት ያህል ደመና የለም።»

«የለም።»

«ዘሩ መሬት ውስጥ ደርቆ ቢቀር እኔና እርስዎ ምን እንበላለን?»

«አላውቅም አልጣሽ። መጽሐፉ ምን ይላል እንዳትዪኝ። ሰዎቹ በቃሌ ነው የሚሄዱት። አሁን ሌላ ቃል ብነግራቸው ማን ያምነኛል? እኔው ራሴ አላምነኝም። የሚያዩትን ነገር ልስጣቸው እንጂ የሚሰሙትማ ይበቃቸዋል።»

አልጣሽ ተነሣች። በትር አንሥታ ስልቻዋን ከወራጁ አወረደች። ለእራት የምትሆን አንድ እፍኝ ልታስቀር እጇን ሰደደች፤ ገብሱ ጣቶቿ መካከል ቀዝቀዝ አለ፤ መልሳ ለቀቀችው።

በማግስቱ ጧት የኔታ ቡሬን እየነዱ፣ ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ አህያዋንም ፈቷት። አልጣሽ ውኃና እንጨት የምታመላልስባት ዳለቻ አህያ ናት።

«አህያዬን ደግሞ የት ይወስዷታል?»

«ታስፈልገኛለች።»

ስልቻዋን አዝላ ተከተለቻቸው። የየኔታ መሬት ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ማንም የማያየው፣ አንዱ ወደ መካነ ሰላም ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር። ወደ ጀርባው ይሄዳሉ ስትል ወደ መንገድ ዳሩ ታጠፉ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ሰው አያጣም። እዚያ ቡሬን ከቀንበሩ አንድ ጎን አስገቡ። በሌላው ጎን አህያዋን።

አልጣሽ እጇ አፏ ላይ ሄደ። በሬና አህያ ባንድ ቀንበር ጠምዶ ማረስ በሙሴ ሕግ የተከለከለ ነው። የተከለከለበትን ምክንያት ከነአራት ፍቺው የሰማችው ደግሞ ከኚሁ ሰውዬ አፍ ነው። የሙሴን ሕግ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ በአደባባይ ሊያፈርሱ ነው ማለት ነው።

ሕጉን ማፍረሱም ቢሆን በጨዋ ደንብ አልሆነላቸውም። አህያ ሻኛ የላትምና ቀንበሩ ወደ ጆሮዋ እየተንሸራተተ አስቸገረ። ቡሬ ሲራመድ እሷ ትቆማለች፤ እሷ ስትነሣ ቡሬ ዞሮ ያያታል። የኔታ እርፉን እንደ መቋሚያ ቀጥ አድርገው ይዘውታል። ማረሻው አንዴ መሬቱን ይስታል፣ አንዴ ከድንጋይ ሥር ገብቶ ይቀረቀራል። አንዱ ትልም ተጣሞ ሄዶ ሌላው ትልም ላይ ወደቀ። የገበያው ሰው አንድ ሁለት እያለ ቆመ። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ አማተበ። አንዲት አሮጊት የኔታን ረሃቡ አእምሯቸውን ነካው ብለው አለቀሱ።

ቸኮል ወይኖን እየሳበ መጣ። ብዙዬ ከኋላው ናት። ሰዉን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ባለበት ደረቀ።

«የኔታ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያረስኩ ነዋ።»

«በአህያ?»

«ያለኝ በሬ አንድ ነው። ሌላው ገበያ ሊሄድ ነው።»

«በሬና አህያ አይጠመድም፣ ክልክል ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ኃጢአት አይሆንም?»

«ይሆናል» አሉ የኔታ።

ሰው ሁሉ አንድም እስኪሉ ጠበቀ። አላሉም። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና እርፉን እንደያዙ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ያቺ ሰባት ዓመት ያልኳችሁ ከመጽሐፍ አይደለችም። ከራሴ ናት። ሰው ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ ጨመርኳት። አምባቸው በሷ ሄደ። ዘንድሮ ይዝነብ አይዝነብ እኔ አላውቅም፤ ሂዱም ቆዩም አልላችሁም። የማውቀው ጊዜው የዘር መሆኑን ነው።»

 አልጣሽ ባሏን አየቻቸው፤ እግራቸው በአቧራ ነጥቷል። ይህን ያህል ወዳቸው አታውቅም ነበር።

ቸኮል ግን የሚያየው የተጣመመውን ትልም ነበር። ያንን ማሳ አፈሩን በእግሩ መዳፍ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። አንዴ የኔታን፣ አንዴ ትልሙን፣ አንዴ ሚስቱን አየ።

«ኧረ ይልቀቁት እባክዎ» አለ በመጨረሻ። «መሬቷን አበላሿት እኮ።» አህያዋን ከቀንበሩ ፈትቶ ለአልጣሽ ሰጣትና ወይኖን በቦታዋ አስገባው። ወደ ብዙዬ ዞሮ፣ «ይህቺን ብቻ ላርስላቸው። በሚመጣው ገበያ እንሄዳለን» አላት።

ብዙዬ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ከማሳው ዳር ተቀመጠች። የኔታ ከቸኮል ኋላ እየተከተሉ ገብሱን በተኑ።

በሚመጣው ገበያ አልሄዱም። የዘራ ሰው መብቀሉን ሳያይ መሄድ ይከብደዋልና ቸኮል እስቲ ሌላ ሳምንት አለ፤ ከዚያም ሌላ ሳምንት። ሁለቱ ቤት ያለችውን እየተካፈሉ፣ ሳማ እየቀቀሉ ቆዩ። በመጋቢት ዘነበ። ብዙ አልነበረም፤ አቧራውን አስተኝቶ ገብሱን ለማብቀል ያህል ነው። ሰኔ ላይ የታጨደው ጎተራ አልሞላም፤ የብዙዬን ልጆች ግን አተረፈ። የትንሿ ልጅ አንገት ቀና አለ።

የኔታ ብቻ ቀና አላሉም። በዚያ ዓመት ዓለም ተገለባበጠ። ወታደሩ አመፀ፣ ሚኒስትሩ ታሰረ እየተባለ መካነ ሰላም ካለው ሬድዮ በየገበያው ወሬ ይመጣል። በስልሳ ሰባት መባቻ የኔታ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው ብለው ባወጁ ማግስት ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሰው እየሮጠ መጣ። «የኔታ፣ ይህ ተጽፏል?»

«ጾሙ የሚገባበትን ነግሬያችኋለሁ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ አልጠየቅም።»

ሰዉ እያዘነ ተመለሰ። አልጣሽም አዘነች። ስሕተቱን በአደባባይ ተናግረው ካበቁ ለምን ዝም እንደሚሉ አልገባትም። ቤቱ ጸጥ አለባት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የመሬቱ አዋጅ እነሱ ዘንድ ደረሰ። ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች መጥተው ሕዝቡን ሰብስበው መሬቱ ላራሹ ነው አሉ። ያቺ መንገድ ዳር ያለችው ማሳ የቸኮል ሆነች። ቸኮል ማታውን በቅል ገብስ ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ ሲሉት እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ መሬቷ የኔ ናት አሉኝ።»

«ሰማሁ። ያረስካት አንተ ነህ።»

«እርስዎ አይከፋዎትም? መጽሐፉስ ምን ይላል?»

የኔታ መሬት መሬቱን አዩ። ቸኮል ያለ እሳቸው ቃል ያቺን ማሳ ደፍሮ እንደማይነካት አልጣሽ ከፊቱ አወቀች። ከምድጃው ዳር ሆና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔ ልንገርህ ቸኮል፤ ስለ በሬውና ስለ አህያው። በሬ ንጹሕ ነው፣ አህያ ርኩስ ናት፤ ንጹሑን ከርኩሱ አትቀላቅል ሲል ነው። አንድም በሬ አማኝ ነው፣ አህያ ከሃዲ ናት። አንድም ለአህያዋ አዝኖ ነው፤ ጉልበቷ ከበሬው አይመጣጠንምና።»

 የኔታ ተቁነጠነጡ። ጋቢያቸውን ወዲህ ሳቡ፣ ወዲያ ሳቡ። መቻል አቃታቸው።

«ሦስተኛው ቀረ» አሉ።

«የቱ?» አለች አልጣሽ፣ ሆን ብላ እንደዘለለችው ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ወደ እሳቱ ዞራ።

«በሬ ነፍስ ነው፣ አህያ ሥጋ ነው የሚለው ነዋ! ያ ሳይባል ወደ አራተኛው ይዘለላል እንዴ?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓመት ከመንፈቅ በላይ የተዘጋ ድምፅ ነበር፤ ሻካራ ሆኖ ወጣ። «አንድም» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንድም በሬው ቸኮል ነው፣ አህያዋ ወልደሩፋኤል ናት። አህያዋ ትልሙን አጣመመች፤ ያቀናው በሬው ነው። ስለዚህ ማሳው የበሬው ነው።»

ቸኮል ሳቁ አመለጠው። ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይህቺን ደግሞ ከየት አመጧት?» አለች አልጣሽ።

«ከማሳው» አሉ የኔታ። «እዚያ ቆሜ ስትስቁብኝ።»

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ቸኮል፣ አንድ ነገር ልለምንህ። አምባቸው ቢመለስ የማሳዋን ጫፍ ትሰጠዋለህ። እስኪመለስ ጾሟን እንዳታሳድራት።»

ቸኮል እሺ አለ።

አምባቸው አልተመለሰም። ያቺን ጫፍ ቸኮል በየበልጉ ያርሳታል፤ ዘሩን የሚበትኑት የኔታ ናቸው። ማሳው መሐል ሲሄዱ ስለ ዘሪው፣ ስለ እሾሁ፣ ስለ ጭንጫው መሬት ከነአንድሙ ለቸኮል እየተረጎሙለት ነው፤ አልጣሽ ከዳር ሆና የተዘለለ ካለ ትነግራቸዋለች። ጫፏ ላይ ሲደርሱ ግን የኔታ ዝም ብለው ይዘራሉ፤ እሷም ምንም አትላቸውም።